ያልደረቀችው ታንኳ

በውጦ ዝም ዳር ያሉ ሽማግሌዎች፣ ሰው የልቡን ትቶ ለአፉ ያህል ሲግደረደር ባዩ ቁጥር ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አንዲት ቃል ይናገራሉ። ወጣቱ ይስቃል። ለጨዋታ የተባለች ይመስለዋላ! ለጨዋታ አይደለችም፤ ሰው የተቀበረባት ቃል ናት። እንዴት እንደተባለች ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ መሳቅ ከቻላችሁ ሳቁ።

ውጦ ዝም ረግረግ ነው። ትልቁ ወንዝ ከደጋ እየተንደረደረ ወርዶ እዚያ ሜዳ ላይ ሲደርስ መሄዱን ይተውና ይተኛል። የተኛበት ሁሉ ደንገል ነው፣ ፊላ ነው፣ ሸንበቆ ነው፤ ጫፍና ጫፉን አይቻለሁ የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። የወደቀበትን ሁሉ ውጦ ድምፅ ስለማያሰማ ነው ስሙን እንዲህ ያሉት። በሬ ቢወድቅበት እንኳ ጥቂት አረፋ አሳይቶ ዝም ነው።

በደንገሉ መሃል ቀጫጭን የውሃ መንገዶች አሉ። እነሱን ያወጣቸው ሰው አይደለም፣ ጉማሬ ነው። ሲመሽ ለግጦሽ ሲወጣ፣ ሲነጋ ሲመለስ፣ በዚያ ሆዱ ደንገሉን እየደፈጠጠ መንገድ ያበጃል። ሰው ደግሞ ቀን ቀን በዚያው መንገድ ታንኳውን ይነዳል። ቀኑ የሰው፣ ማታው የጉማሬ ነው፤ ይህን ደንብ ሰውም ጉማሬም ያውቀዋል። ፀሐይ የደንገሉን ራስ ስትነካ ውሃ ላይ ያለ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሰዉ የሚኖረው ከረግረጉ ከፍ ከፍ ባሉ ጉብታዎች ላይ ነው። ዓሣ ያጠምዳል፣ ምንጣፍ ይሠራል፣ ውሃው ሲሸሽ ጥቂት በቆሎ ይዘራል። ቤቱ ከደንገል፣ መኝታው ከደንገል፣ ታንኳውም ከደንገል ነው። የደንገል ታንኳ ታዲያ ውሃ ይጠጣል። ሰው ጥቂት ቀን ከሠራባት በኋላ አውጥቶ ዛፍ ላይ አስደግፎ ካላቆማት፣ ውሃዋ ተንጠፍጥፎ ፀሐይና ነፋስ ካልመታት፣ እየከበደች ትሄዳለች። ያልደረቀች ታንኳ ለዓይን ደህና ናት። ባዶዋን ትንሳፈፋለች፣ አንድ ሰውም ያለ ችግር ትሸከማለች። ጉዷ የሚወጣው ሁለት ሰውና ጭነት ሲወጣባት ነው፣ እሱም መሃል ከገቡ በኋላ። በመዳፍ ጫን ሲያደርጓት ግን በጣት መካከል ውሃ ታወጣለች። የውጦ ዝም ልጅ ይህን ጡት ሳይጥል ያውቀዋል።

በአንደኛው ጉብታ ላይ መዲና የምትባል ሴት ከባሏ ከአረቡ ጋር ትኖር ነበር። ሦስት ወልዳ ሁለቱን ወባ ወስዶባታል። የቀረቻት ሉባባ ብቻ ናት። ሁለተኛውን ልጇን የቀበረች ዕለት መዲና በልቧ ተሳለች፤ ይህችን ልጅ ውሃ ላይ አልተዋትም፣ ቢምቢ የማይደርስበት ደረቅ ምድር እድራታለሁ አለች። ማለት ቀላል ነው። የደረቅ ምድር ገበሬ የውሃውን ሰው «ጉማሬ በሊታ» እያለ ይንቃል። ዓሣውን ይገዛዋል፣ በምንጣፉ ላይ ይተኛል፣ ልጁን ሊያገባ ግን ያፍራል።

ሉባባ ግን ገበያ ላይ ምንጣፍ ስትሸጥ ከማል የሚባል የገበሬ ልጅ አያት። አይቶም አልቀረ፣ አባቱን አስጨነቀ። አባትየው ጋሽ ኑርዬ ስመ ጥር ሰው ናቸው፤ በሬያቸው ብዙ፣ ቃላቸውም የሚሰማ። ወራት ሙሉ እምቢ ሲሉ ከርመው በመጨረሻ፣ «እንግዲያው እኔ ራሴ ሄጄ ቤቱን ልየው። በጁምዓ እመጣለሁ በሏቸው» ብለው ላኩ።

መዲና ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። አረቡም አጣ። ሳምንቱን ሙሉ ከውሃው አልወጣም፤ ለዳስ የሚሆን ደንገል ያጭዳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ማዶ ሄዶ ቅቤና በርበሬ ያመጣል። ታንኳዋ ለአፍታም አልቆመችም። «ዛሬን ልሥራባትና ነገ አቆማታለሁ» ሲል ነገ ሌላ ሥራ ይመጣል። ለጁምዓ ግን ትደርሳለች ብሎ ተማምኖ ነበር።

ጋሽ ኑርዬ ቀኑን አልጠበቁም። ጁምዓ ያሉት ሰውዬ በዕለተ ረቡዕ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ በአንድ ገበያተኛ ታንኳ ተጭነው ዱብ አሉ። ገበያተኛውም እሳቸውን አውርዶ መንገዱን ቀጠለ።

«ኧረ በአላህ!» አለች መዲና፣ ዱቄት የነካ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ጋሽ ኑርዬ፣ እንኳን ደህና መጡ! ጁምዓ አልነበረም እንዴ?»

«አይ፣ ድንገት መንገድ ቢገኝ ነው። ቤተኛ ቀን አይቆጥርም ብዬ» አሉ እየሳቁ።

እውነቱን ለመናገር ሆን ብለው ነው ቀድመው የመጡት። ሰው ሳይዘጋጅ ነው ቤቱ የሚታወቀው ብለዋል። ይህ የገበሬ ብልሃት ነው፣ አይፈረድባቸውም። መዲና ግን እንደ እብድ ነበር የምትሯሯጠው። ሉባባ አዲሱን ምንጣፍ ዘረጋች፣ አረቡ ያጠመደው ቀረሶ ዓሣ ተጠበሰ፣ አምባዛው ተወጠወጠ፤ ቀረበ።

እሳቸው ዓሣ በልተው አያውቁም። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ሲያገላብጡ መዲና አየች። ሥጋው የዓሣ ይሁን የጉማሬ እንጃ ሳይሉ አልቀሩም። እንዲያም ሆኖ «ግሩም ነው፣ ልጄ፤ እጅሽ ይባረክ» እያሉ ከነእሾሁ ይውጡታል። መዲናም የወደዱላት መስሏት ትጨምራለች። እሳቸው ደግሞ የቀረበውን ማስተረፍ ነውር መስሏቸው ይበላሉ። እንዲህ ሲጋበዙና ሲግደረደሩ ፀሐይዋ አጋደለች።

ያኔ ነው ብድግ ያሉት።

«በሉ እንግዲህ፣ እግር ሳይከብድ ልነሳ። አቶ አረቡ፣ እስከ ዳር ያደርሱኛል መቼም።»

አረቡ ከመቀመጫው ተነስቶ ቆመ። መዲና የባሏን ፊት አየች፣ ወዲያው ገባት። ታንኳዋ ጧት ደንገል ጭና ነው የገባች፣ አሁንም ውሃው ውስጥ ናት።

«እንዴት ተደርጎ!» አለች ፈጥና። «ዛሬማ አይሄዱም። አድረው ነው።»

«ያደርኩ ያህል ይቆጠርልኝ፣ ልጄ።»

«አይቆጠርም! ቤታችን ቢያንስም የሚተኙበት አናጣም።»

«ቤትሽስ አማን ነው። ክምር ሳልከምር ነው የመጣሁ። ሰማዩን አላምነውም።»

«በሞቴ! ጋሽ ኑርዬ፣ በሞቴ ይደሩ!»

«አንቺ አትሙቺ። ክምሬን ዝናብ ከሚያበላሸው…»

«ታንኳችን አልደረቀችም» ማለት ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም። ግን ለዚህ ሰው እንዴት ይነገራል? ሰውየው የመጡት ቤቱን ሊያዩ ነው፤ ቤት ማለት ደግሞ ለውሃ ሰው ታንኳው ነው። ባል ዝም ባለበት ሚስት አፏን ከፍታ ጉድለቱን በእንግዳ ፊት ብታወጣ ምን ይባላል? ስለዚህ በዙሪያው ዞረች።

«ውሃው ዛሬ ደስ አላለኝም፣ ጋሽ ኑርዬ።»

«ኧረ? እኔማ ስመጣ እንደ ወተት ረግቶ ነው ያየሁት።»

«ማታ ማታ ፀባዩ ይለወጣል። ጉማሬውም ይወጣል…»

«ለዚሁ ነው ቶሎ የምንሄድ!» ብለው ሳቁና ትከሻዋን መታ አደረጓት። «የእናት ነገር! ልጅሽን ዛሬውኑ ይዤብሽ የምሄድ መሰለሽ? አብሽሪ፣ በደንቡ ነው የምወስዳት።»

«የምወስዳት» አሉ። መዲና ይህን ስትሰማ ልቧ በደስታ ዘለለ። ሁለት ልጅ የቀበረች እናት ናት፤ ይህችን ቃል ስትጠብቅ ኖራለች። ከዚህ በኋላ አፏ ጨርሶ ታሰረ።

ከቤቱ ጓሮ ባሏን ያዘችው።

«አረቡ፣ አልደረቀችም።»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ ምን ይሠራል? ንገራቸዋ!»

«ምን ብዬ? ገበሬ ቤት ለጋብቻ ሄደን ‘በሬዬ ታሟል፣ ማረሻዬ ተሰብሯል’ ቢለን ልጃችንን እንሰጠዋለን?»

«የአባ ሸረፋ ታንኳ ቆማለች። እሷን ተዋስ።»

«ዛሬ? በመጀመሪያው ቀን? ‘አማቹን በሰው ታንኳ የሸኘ’ ተብሎ ማዶ ሊወራልኝ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መዲና፣ ተይኝ። እኔ ውሃ ላይ የተወለድኩ ሰው ነኝ። ጠንከር አድርጌ ከቀዘፍኩ ፀሐይ ሳትወርድ የጉማሬውን በር አልፋለሁ። ስመለስ ዳር አድሬ ነው።»

የጉማሬ በር የሚሉት መንገዶቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ሰፊ ውሃ ነው። ወደ ደረቅ ምድር የሚሄድ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ጉማሬውም ለግጦሽ ሲወጣ በዚያው ነው።

መዲና ወደ ውሃው ወርዳ መዳፏን ታንኳዋ ጎን ላይ ጫን አደረገች። በጣቶቿ መካከል ውሃ ተንቆረቆረ። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ዝም አለች።

አባ ሸረፋ የጉብታው ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጉማሬ አዳኝ ነበሩ፣ አሁን መረብ ይጠግናሉ። ከሾላው ሥር ተቀምጠው ነበር፣ ታንኳቸውም ከበላያቸው ዛፉ ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ ደርቃ እንደ ገለባ ቀላለች። አረቡ እንግዳውን ይዞ ሲወርድ አዩና ጠሩት።

«አረቡ! ያቺ ታንኳህ ሳምንቱን ሙሉ አልወጣችምሳ። የኔዋ ቆማለች፣ ውሰዳት።»

«የኔም ደህና ናት፣ አባ ሸረፋ። ይቆዩልኝ።»

ሽማግሌው ሌላ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ጋሽ ኑርዬን አዩ፣ ነጭ ጋቢያቸውንና ከዘራቸውን አዩ። የሰው አማች ፊት የሰውን ጉድለት ማውጣት አልሆንላቸው አለ። «በሉ ሰላም ግቡ» ብለው ወደ መረባቸው አቀረቀሩ።

ይህ ሁሉ አንሶ እንግዳ ደግሞ ባዶ እጁን አይሸኝም። አዲሱ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተጫነ። የደረቀ ዓሣ በጆንያ ተጫነ። ጋሽ ኑርዬ «ኧረ ምን አስቸገረሽ፣ ኧረ ተይው» አሉ፤ መዲና «ትንሽ ናት፣ ለቤት ናት» አለች። ዓሣውን ማን እንደሚበላላቸው እሳቸው አያውቁም፣ እምቢ ማለት ግን ንቀት ይሆናል። መዲናም የምትጭነው ጆንያ በታንኳዋ ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች፣ ግን አማቷን ባዶ እጅ ከሸኘች ማዶ ምን ይላሉ? አይ ሰው! እጇ ሲጭን ልቧ ያወርድ ነበር።

ጋሽ ኑርዬ ወጥተው ተቀመጡ። አረቡ ከኋላ ቆሞ በረጅሙ ዘንግ ገፋ። ከውሃው በላይ የቀረው የታንኳዋ ጠርዝ ስንዝር አይሞላም። ሉባባ «አባዬ፣ በደህና ግባ» ብላ ጮኸች። አረቡ ዘወር ብሎ ፈገግ አለላት፤ ደንገሉም ከኋላቸው ገጠመ።

መዲና ወደ ቤት አልገባችም። ሉባባ ዕቃ እያጠበች «እማዬ፣ ወደዱን አይደል?» ስትላት «ወደዱን» አለች እንጂ ዓይኗ ከውሃው አልተነሳም። ራሷን ትረግማለች፤ ይደሩ፣ ይብሉ፣ ይጠጡ እያለች ያዘገየቻቸው እሷ ናት። ሊያስቀራቸው ያልቻለ ልመና ወደ ማታው ብቻ ገፋቸው። ፀሐይዋ ሳታጋድል ቢሄዱ ኖሮ ባልደረቀችውም ታንኳ ይደርሱ ነበር።

አባ ሸረፋም መረቡ አልያዝ አላቸው። ጥቂት ቆይተው ተነሱ፣ ታንኳቸውን ከዛፉ አውርደው ውሃው ላይ ጣሏት፣ ዘንጋቸውን ያዙና ሄዱ። ሲሄዱ ያየቻቸው መዲና የት ይሄዳሉ ብላ አልጠየቀችም። እሳቸውም አልነገሯት።

ፀሐይ የደንገሉን ራስ ስትነካ፣ በጉማሬው በር በኩል ይብራውና ዳክዬው አንድ ላይ ግር ብሎ ተነሳ። ሽመላዎቹም ተከተሉ። ውጦ ዝም ውስጥ ወፍ አብሮ ሲነሳ ያለ ነገር አይደለም። ከዚያ የጉማሬ ጩኸት መጣ። የሰው ድምፅ አልተሰማም። መዲና ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ወገቧ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ሉባባ ናት ከኋላ ይዛ ያስቀረቻት።

አባ ሸረፋ ሲመለሱ ታንኳቸው ላይ አንድ ሰው ተኝቷል። ነጩ ጋቢ ጭቃ ሆኗል። መዲና የተጠቀለለውን ምንጣፍ አየች፣ ጋሽ ኑርዬ ሁለት እጃቸውን ጠምጥመውበታል። ሌላ ሰው ፈለገች። ሌላ ሰው የለም።

«አረቡስ?» አለች።

አባ ሸረፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጠራሁ፣ በዘንግ ፈለግሁ። መሸብኝ፣ ልጄ።»

መዲና አልጮኸችም። ጩኸቱን የጀመረችው ሉባባ ናት። መዲና እንግዳውን ከታንኳው ደግፋ አወረደች፣ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠች፣ የባሏን ደረቅ ጋቢ አምጥታ አለበሰቻቸው። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ይንገሩኝ።»

ጋሽ ኑርዬ ነገሯት። መንገዱን ሳያጋምሱ ታንኳዋ ከብዳለች። አረቡ እየሳቀ፣ እያወራ፣ ላቡ እየተንቆረቆረ ይገፋል። የጉማሬው በር ሲደርሱ ፀሐይ ወርዳለች፣ እናት ጉማሬ ከነግልገሏ ከፊታቸው ብቅ አለች። አረቡ ወደ ደንገሉ ሊገባ ታንኳዋን አዞረ። ታንኳዋ ግን አልዞር አለች። ጉማሬዋ ከሥር አንስታ ገለበጠቻቸው።

«ውሃው ውስጥ ምንጣፉን ገፋልኝ። ‘ይህን ይያዙ፣ አይልቀቁት’ አለኝ። ከዚያ…» አሉና ቆሙ። «ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? ‘አረጠብኩዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ’ አለኝ። ይህን ሲል ነው ጉማሬዋ ዳግም የመጣች።»

መዲና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰውየው ግን አላቆሙም፤ አፋቸው አንዴ ተፈቷል።

«እኔ አውቄ ነበር፣ ልጄ። ገና ደንገሉ ውስጥ እንደገባን ከሥሬ ይረጥብ ጀመር። መሃል ስንደርስ ውሃ ላይ ነበር የተቀመጥኩት። ‘አቶ አረቡ፣ እንመለስ’ ልለው አሰብኩ። ከዚያ የውሃ ሰዎች ታንኳ እንዲህ ይሆን ይሆናል፣ ብናገር ናቀን ይላሉ ብዬ ተውኩት።»

«ቢያድሩ ኖሮስ?» አለች መዲና ከነጠላዋ ሥር። «ክምሩ ቢቀርስ?»

ጋሽ ኑርዬ መሬት መሬት አዩ።

«ክምር የለኝም። ወላሂ ክምር የለኝም። ወባ ፈርቼ ነው። እናንተ ዘንድ ያደረ ታሞ ነው የሚመለስ ይሉናል። ይህን እንዴት አድርጌ በቤትሽ ልንገርሽ?»

መዲና ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች፣ ደረቷን መታች።

«በሞቴ አልኩዎት እኮ! በሞቴ ይደሩ ብዬ ለመንኩዎት!»

«ሰው ሁሉ በሞቴ ይላል፣ ልጄ። እንደ ሰው ያልሽኝ መስሎኝ።»

ይህን ሲሰሙ አባ ሸረፋ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ሲነጋ አረቡን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሬሳው ጉማሬዎቹ ከሚግጡበት ሣር ዳር ወጥቶ ነበር፣ ሽመላዎች ዙሪያውን ቆመዋል። ከሌሎቹ ጉብታዎች ሰው ተጠራ፣ ታጥቦ ተገነዘ፣ ተሰገደበት። በውጦ ዝም መቃብር ሲቆፈር ጉድጓዱ ከሥሩ ውሃ ያፈልቃል። ሰዉ ውሃውን በቅል እየቀዳ፣ ከታች ደንገል እየደለደለ ነው የሚቀብረው። አረቡንም እንዲያ ቀበሩት። መዲና ሁለት ልጆቿን እዚያው አጠገብ ነበር የቀበረቻቸው።

ጋሽ ኑርዬ ሸኝተው፣ አፈር አልብሰው፣ ሊሄዱ ሲነሱ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆመው ተናገሩ።

«እኔ ዛሬ የቆምኩት በአረቡ ነፍስ ነው። ቃሌ ቃል ነው። ሐዘናችን ይብረድና ሉባባን እወስዳታለሁ፤ ልጄ ናት።»

ሰዉ «አላህ ይስጥልን፣ ያሳድርዎ» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። መዲና ግን የተመረቀው ምርቃት ጆሮዋ ውስጥ አልገባም። ከትናንት ወዲህ መልካም ቃል ስትሰማ ታንኳዋን ጫን ያደረገችበት መዳፏ ይረጥብባታል። ሉባባ ከእናቷ ጎን ተነሳች። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሽ ኑርዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህን የሚሉት ከልብዎ ነው፣ ወይስ እኛን ቅር እንዳይለን?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በአማች ፊት ተጠይቆ አያውቅም። ሰዉ አጉረመረመ፣ አንዲት አሮጊት «አንቺ ልጅ!» ብላ ልትቆጣት ቃጣች። ጋሽ ኑርዬ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ወደ ውሃው አዩ፣ ወደ መቃብሩ አዩ፣ ክንዳቸው ላይ ቢምቢ የነደፋቸውን እያከኩ ቆሙ። ቆሙ፣ ቆሙ።

ሉባባ ከዚያ በላይ አልጠበቀችም። ከቤት ከዘራቸውን አምጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«በሰላም ይግቡ» አለች። «ስላልዋሹን እናመሰግናለን።»

ጋሽ ኑርዬ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ውሃው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ከማዶ የመጣ መልእክተኛ የለም። ሉባባም ውጦ ዝም ላይ ቀረች፣ የእናቷ ስለትም ከአባቷ ጋር ተቀበረ።

ከዚህ በኋላ ነው ቃሏ የተባለች። ለቅሶው ሳይፈታ ከሩቅ ጉብታ ዘግይቶ የሰማ አንድ ዓሣ አጥማጅ መጣ፤ ከአረቡ ጋር አብሮ ያደገ ሰው ነው። አልቅሶ፣ አልቅሶ፣ ዳሱ ውስጥ ተቀመጠና ግራ በመጋባት ዙሪያውን አየ። ዳሱ አረቡ ለአማቱ ባጨደው ደንገል የተሠራ ነበር።

«እኔ ያልገባኝ» አለ፣ «አረቡ ውሃ ላይ ተወልዶ ውሃ ላይ ያደገ ሰው ነው። ጉማሬውን በስሙ የሚያውቅ ሰው እንዴት የጉማሬ ሲሳይ ይሆናል? ማን ነው የገደለው?»

መዲና ቀና ብላ አባ ሸረፋን አየቻቸው። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጉማሬዋን አትውቀሳት፣ በሰዓቷ በመንገዷ ወጣች። እሱ ታንኳዋ እንዳልደረቀች ያውቃል፣ አማቹን ፈርቶ ዝም አለ። ሚስቱ ታውቃለች፣ ባሏን አክብራ ዝም አለች። እንግዳው ከሥሩ ሲረጥብ ያውቃል፣ ቅር እንዳይለው ብሎ ዝም አለ። እኔ ጉማሬ ሳድን ያረጀሁት ሰውዬ ደረቅ ታንኳ አጠገቤ አቁሜ፣ በሰው ፊት አላሳፍረውም ብዬ አቀረቀርኩ። ሁላችንም እያወቅን፣ ተከባብረን ገደልነው።»

መዲና ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ጀመር። አባ ሸረፋም ወደ እሷ ሳያዩ፣ እንደ ለራሳቸው፣ «ይሉኝታ የሰው ነው፤ ውሃ ይሉኝታ አያውቅም» አሉ።